ስለ ቀጋ ቅጠል ፈልፋይ፤ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚመዘገብ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ቀጋን የማያውቅ ልጅ አይገኝም። ከጉና ተራራ ሥር ጀምሮ በፋርጣና በጋይንት አገር፥ በወንዝ ዳር፥ በእርሻ ወሰን፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በመንደር አጥር ይበቅላል። እሾኹ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ታች የተቆለመመ ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ መልካም መዓዛ አለው፤ ፍሬው ሲበስል ይቀላል፥ እረኞችም ለቅመው ይበሉታል። ዳሩ ግን ይህ የዱር ቍጥቋጦ በከተማ አትክልት ቦታ ተተክሎ የሚደነቀው የጽጌ ረዳ ወንድም መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከሰሐራ በረሓ በታች ባለው የአፍሪካ ምድር ሰው ሳያመጣው በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌ ረዳ ቀጋ ብቻ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ሮዛ አቢሲኒካ ይሉታል፤ ይኸውም የሐበሻ ጽጌ ረዳ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ ስለ ጽጌ ረዳ ወገኖች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ባሳተመው መጽሐፍ በዚሁ ስም ጽፎታል።

የቀጋ ቅጠል አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ ቀጭን ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ ትይዩ ሆነው፥ አንዱም በጫፍ ላይ ሆኖ፥ አምስት ወይም ሰባት ትንንሽ ቅጠሎች ይሰለፋሉ፤ ዳራቸውም እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ነው። ተማሪ ከእነዚህ አንዱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ቢመለከት፥ በአረንጓዴውም መካከል እንደ ክር ቀጥኖ የሚጀምር፥ እየተጠማዘዘና እየሰፋ የሚሄድ፥ ከዚያም በድንገት የሚያበቃ ነጣ ያለ መስመር ቢያገኝ፥ ዋግ መታው ብሎ ጥሎት አይለፍ። ዋግ ነጠብጣብ ሆኖ ይበተናል እንጂ መንገድ አይሠራም። መንገድ ካለ መንገደኛ አለ።

ቅጠል ላይኛና ታችኛ ቆዳ አለው። በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ቅጠሉ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ለስላሳ አረንጓዴ ሥጋ ይገኛል። ቅጠል ፈልፋይ የሚባሉት ነፍሳት በትልነታቸው ጊዜ በዚህ ሥጋ ውስጥ ገብተው፥ ቆዳውን ሳይቀዱ ውስጥ ለውስጥ እየበሉ ይሄዳሉ። የበሉበትም ስፍራ ባዶ ስለሚቀር ብርሃን ያሳልፋል፥ ከውጭም ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ብራና ፋቂ የፋቀውን ብራና ወደ መስኮት ቢያነሣው ሳስቶ የተፋቀው ስፍራ ከሌላው ይልቅ ይበራል፤ የቅጠሉም ነገር እንደዚሁ ነው። ቤቱ እጅግ ቀጭን ሆኖ ሳለ ለነዋሪው ከዝናም፥ ከነፋስና ከብዙ ጠላት መጠጊያ ይሆነዋል።

ከጽጌ ረዳ ፈልፋዮች መካከል ኑሮአቸው አስቀድሞ በሚገባ የተመረመረው በአውሮፓ የሚገኙት ናቸው። ከእነርሱ አንዲቱን ጎትዘ የሚባል ጀርመናዊ በ1783 ስም አወጣላት፤ ዛሬ ስቲግሜላ አኖማሌላ ትባላለች። እርስዋም በሌሊት ወደ መብራት ከሚበርሩት ከእሳት ራቶች ወገን ናት፤ ነገዷም ከእሳት ራቶች ሁሉ እጅግ ደቂቅ የሆኑት የሚገኙበት ነው። ክንፎችዋ ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለኩ 6 ሚሊሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ይህም የአንዲት የስንዴ ቅንጣት ርዝመት ነው። በአጠገቡ ስትበርር ያያት ሰው ትቢያ መስላው እፍ ይላታል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ራስዋን ከመፈለግ ይልቅ በቅጠል ላይ የተወችውን መንገድ ይፈልጋሉ።

እናቲቱ፥ አብዛኛውን ጊዜ በቅጠሉ ታች በኩል፥ አንዲት እንቁላል ታጣብቃለች። ትሏ ከእንቁላሉ ስትወጣ በውጭ አትታይም፤ እንቁላሉ በተጣበቀበት በኩል ቅጠሉን በስታ በቀጥታ ወደ ውስጥ ትገባለች። ባዶው ቅርፊት በመንገዱ መጀመሪያ ላይ እንደ ደቃቅ ጠብታ እያብረቀረቀ ይቀራል። መንገዱ በመጀመሪያ ጠባብ ነው፤ ትሏ በወፈረች መጠን ይሰፋል። ከኋላዋም ኩሷን እየጣለች ስለምትሄድ በነጣው መንገድ መካከል ጥቁር መስመር ይዘረጋል። የትሏ መልክ ብጫ ነው። እውነተኛ እግር የላትም፤ እንደዚያ በጠበበ ቤት ውስጥ እግር ምን ይረባታል? መብላትዋን በጨረሰች ጊዜ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ቆዳውን በግማሽ ጨረቃ አምሳል ሰንጥቃ ትወጣለች፤ ከቅጠሉም ርቃ ድር ፈትላ በውስጡ ትጠቀለላለች። ክንፍ የምታወጣው በዚያ ድር ውስጥ ነው። ቅጠሉ ግን በግንዱ ላይ እስካለ ድረስ የኑሮዋን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተጽፎበት ይኖራል።

በጋይንት በቤተ ልሔም ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ከፊደል በላይ የተጻፉትን ደቃቅ ምልክቶች ሳይለይ ዜማውን ሊያቀና አይችልም። ይዘት አንዲት ነጥብ ናት፤ ርክርክ የተደረደሩ ነጥቦች ናቸው፤ ድፋት የጐበጠ ነው። ላልተማረ ዓይን ግን ሁሉም ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። የቅጠል ፈልፋዮችም ምልክት እንዲሁ ሳይማሩት አይነበብም።

መጀመሪያ የሚነበበው የኩሱ አጣጣል ነው። ቅጠል የሚፈለፍሉ የእሳት ራቶች ብቻ አይደሉም፤ ዝንቦችም አሉ። የዝንብ ትል በጎኗ ተኝታ አፏን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ስለምትበላ ኩሷ አንድ ጊዜ በቀኝ፥ አንድ ጊዜ በግራ ዳር ይወድቃል። የእሳት ራት ትል ግን አብዛኛውን ጊዜ ኩሷን በመካከል በአንድ መስመር ትተዋለች። ይህ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ትሏ ገና በውስጥ ካለች በማጉያ መነጽር ራስዋን ማየት ይሻላል፤ የእሳት ራት ትል ጠንካራና ቡናማ ራስ አላት፥ የዝንብ ትል ግን ሁለት ጥቁር የአፍ መንጠቆዎች ብቻ ይታዩባታል።

ቀጥሎ የመንገዱ ቅርጽ ይታያል። ሁሉም ፈልፋይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ መንገድ አይሠራም። በአውሮፓ በጽጌ ረዳ ላይ ከሚገኙት መካከል ኮፕቶትሪኬ አንጉስቲኮሌላ የምትባለው ሰፊ ነጭ ንጣፍ ታደርጋለች፥ ቅጠሉም እየተሸበሸበ ይታጠፋል። ሌላዪቱ ኮሌኦፎራ ግሪፊፔኔላ ከቅጠሉ ቆርጣ ትንሽ አፎት ለራስዋ ትሰፋለች፤ ያንን ለብሳ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተዘዋወረች፥ ራስዋን ብቻ ወደ ውስጥ አግብታ ትበላለች። እንዲህ ያለው ንጣፍ በቅጠሉ ላይ ከታየ በታች በኩል የአፎቷ አፍ ተጣብቆበት የነበረ ክብ ቀዳዳ ይፈለግ። ከቅጠሉ ዳር በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል የግማሽ ክብ ጉድለት ቢገኝ ግን ያ የፈልፋይ ሥራ አይደለም፤ ቅጠል ቆራጭ ንብ ለልጆችዋ ጎጆ ምንጣፍ የወሰደችው ነው። ይህች ንብ አበባ ስለምታዳቅል ባለውለታ ናትና ስለ ጥቂት ቅጠል ልትከሰስ አይገባም።

ይህን ሁሉ መለየት የሥራ ፈት ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። የድንች እርሻውን በቀጋ ያጠረውን ገበሬ ነገር ቢያስብ ግን ሐሳቡን ይለውጣል። ድንች በፋርጣና በጉና ዙሪያ ለብዙ ቤተ ሰብ የዓመቱ ስንቅ ነው። ገበሬው በድንቹ ቅጠል ላይ ባዶ የተፈለፈለ ንጣፍ፥ በአጥሩም ቀጋ ላይ የተጠማዘዘ መንገድ ቢያይ፥ ሁለቱ የአንድ ጠላት ሥራ መስለውት ምሳሩን አንሥቶ አጥሩን ሊቈርጥና ሊያቃጥል ይችላል። በዚህም ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ አጥሩ ሲነሣ ከብት እርሻውን ይገባበታል፥ ድንቹን የሚያጠፋው ግን በዚያው ይኖራል።

የድንች ብል የሚባለው፥ በሊቃውንት ስም ፍቶሪሜያ ኦፐርኩሌላ፥ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ድንች በሚዘራበት ዓለም ብዙ ስፍራ የተሰራጨ የእሳት ራት ነው። ከቀጋው ፈልፋይ እጅግ ይበልጣል፤ ክንፎቹ ሲዘረጉ 12 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናሉ። ትሉ የድንቹን ቅጠል ይፈለፍላል፥ አገዳውን ይሰረስራል፥ ከሁሉም የከፋው ወደ ድንቹ ፍሬ ገብቶ በጎተራ ሳይቀር ያበላሸዋል። መብሉም ድንችና የድንች ዘመዶች፥ ማለት ቲማቲም፥ ትምባሆና እነርሱን የመሰሉት ናቸው። ቀጋ ከእነዚህ ወገን አይደለም። ቅጠል ፈልፋዮች ሁሉ ባይሆኑ አብዛኞቹ በአንድ የዕፀዋት ወገን ላይ ጸንተው የሚኖሩ ናቸው፤ የጽጌ ረዳ ፈልፋይ ወደ ድንች፥ የድንቹም ወደ ቀጋ አይሻገርም። ስለዚህ የድንች ብል ያስቸገረው ሰው አጥሩን ይተውና ወደ እርሻው ይመለስ፤ ፍሬው ከመሬት በላይ እንዳይጋለጥ አፈሩን በሥሩ ያስታቅፈው፤ የተቆፈረውን ድንች ሜዳ ላይ አያሳድረው፤ በአገዳውም አይክደነው፥ ከደረቀው አገዳ ትሉ ወደ ፍሬው ይወርዳልና፤ የተበሳውን ከደኅናው ለይቶ ያውጣ።

ፈልፋይን በጊዜ አለመለየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የቲማቲም ፈልፋይ አሳይቷል። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ይህች የእሳት ራት ከደቡብ አሜሪካ ወጥታ በ2006 በስፔን አገር ታየች፤ በ2012 ደግሞ በኢትዮጵያ ተገኘች። ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እንደ ፎገራ ሜዳ ባሉት ቲማቲም በመስኖ በሚለማባቸው ቆላማና ወይና ደጋ ስፍራዎች ያለ ገበሬ ስለ እርስዋ ይጠንቀቅ። አዲስ እንግዳ መምጣቱን የሚያውቀው ነባሩን አስቀድሞ የመዘገበ ሰው ብቻ ነው።

ለመዝገብ አያያዝ በዚህ አገር የቆየ ምሳሌ አለ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1878 ድረስ ኖረ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፥ በ1863፥ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዕፀዋት ሰብስቦ አድርቋል። ጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ስፍራ መሆንዋን ሁሉ ያውቃል፤ በአውሮፓ የዕፀዋት ቤተ መዘክሮች ግን ስምዋ የሚነበበው ሺምፐር በደረቁ ቅጠሎች አጠገብ በለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ስፍራውና ዘመኑ ስለ ተጻፈ ያ ቅጠል ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ምስክርነት ይሰጣል። ያለ ጽሑፍ የደረቀ ቅጠል ግን ገለባ ነው።

እንግዲህ ተማሪው በመዝገቡ ላይ በመጀመሪያ ስፍራውን፥ ማለት ቀበሌውን፥ የቅርቡን ቤተ ክርስቲያን ወይም ወንዝ፥ ከእርሱም ያለውን አቅጣጫና እርምጃ ይጻፍ። የስፍራውም ከፍታ ቢታወቅ ይጨመር፤ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ናት፥ የጉናም ራስ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ በታች የሚኖር ነፍሳ በላይ ላይኖር ይችላልና። ቀጥሎ ቀኑን፥ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን፤ ከዚያም የተክሉን ስም ይጻፍ። ቅጠሉ የቀጋ ይሁን ወይስ በግቢ የተተከለ የውጭ ጽጌ ረዳ፥ ይህን መለየት ግድ ነው። ከዚህ በኋላ የመንገዱ ርዝመትና ቅርጽ፥ የኩሱ አጣጣል፥ የእንቁላሉ ቅርፊት በላይ ወይም በታች መሆኑ፥ ትሏ በውስጥ መኖርዋ ወይም ወጥታ መሄድዋ፥ ካለችም መልክዋ ይከተላል። ቅጠሉንም በእርሳስ ቢሥለው መልካም ነው። ቀለም ዝናም ሲነካው ይፈስሳል፤ እርሳስ ግን አይለቅም።

በገጠር ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቍጥሩ ነው። «ብዙ አገኘሁ» ወይም «ጥቂት አየሁ» የሚል ጽሑፍ ለማንም አይጠቅምም፤ ለአንዱ ብዙ የሆነው ለሌላው ጥቂት ነውና። ከ10 ቍጥቋጦ ከእያንዳንዱ 10 ትንንሽ ቅጠል ሳይመርጡ ይታዩ፤ ከመቶው ስንቱ መንገድ እንዳለበት ይጻፍ። ለምሳሌ ያህል፥ በእውነት የታየ ሳይሆን የአጻጻፉ ሥርዓት እንዲታወቅ፥ እንዲህ ይባላል፤ «ጥቅምት 12 ቀን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በስተ ምሥራቅ 40 እርምጃ፤ ቀጋ፤ 100 ቅጠል ታየ፥ በ3ቱ መንገድ ተገኘ፤ በ1ዱ ብጫ ትል አለች፥ 2ቱ ባዶ ናቸው፤ ኩሱ በመካከል አንድ መስመር።» ምንም ያልተገኘ እንደሆነ ደግሞ «100 ታየ፥ ምንም አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ። ብዙ ልጆች ባዶ መጻፍ ያሳፍራቸዋል፤ መምህሩ ግን ከሞላው ባልተናነሰ ባዶውን ያክብር፤ ሲመጣ የሚታወቀው አስቀድሞ አለመኖሩ ከተጻፈ ነውና። በዚያው ቍጥቋጦ ላይ ቍጥሩ በየወሩ ቢደገም በክረምትና በበጋ ያለው ልዩነት ይገለጣል።

ለዚህ ሥራ ከቤተ ክርስቲያን ደን የተሻለ ስፍራ በአቅራቢያ አይገኝም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለውን ደን መርምረው ዛፉን፥ ቍጥቋጦውንና ሐረጉን 168 ዓይነት ቈጥረዋል። ከአሜሪካዊቱ የነፍሳት ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም በእነዚህ ደኖች ያሉትን ነፍሳት ማጥናት ጀምረዋል። ተማሪዎች ወደ ቅጽሩ ሲገቡ አስቀድመው አለቃውን ወይም ገበዙን ያስፈቅዱ፤ ከአንድ ቍጥቋጦም ከሁለት ወይም ከሦስት ቅጠል በላይ አይቍረጡ።

የተቆረጠው ቅጠል በሁለት ንጹሕ ወረቀት መካከል ተኝቶ ክብደት ይጫንበት፥ እስኪደርቅም ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጥ። (ለክብደት ድንጋይ ይበቃል፤ የአባት ዳዊት ለዚህ አይወሰድ፥ የእርጥብ ቅጠል ወዝ ብራና ያበላሻል።) ትል ያለችበት ቅጠል ግን አይጨፍለቅ። ከሥሩ ጥቂት እርጥብ አፈር በተነጠፈበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይግባ፥ አፉም በሳሳ ጨርቅ ይታሰር፥ ፀሐይ በማይመታው ስፍራ ይቀመጥ። ትሏ ወጥታ ድርዋን ብትፈትል ቀኑ ይጻፍ፤ ክንፍ አውጥታ ብትገለጥ ያ ቀን ደግሞ ይጻፍ። በጣት አትነካ፤ መልክዋን የሚሰጣት በክንፍዋ ላይ ያለው ዱቄት ነው፥ እርሱም ወዲያው ይረግፋል። አንዳንድ ጊዜ የእሳት ራት ሲጠበቅ ከዕቃው ውስጥ ደቃቅ ተርብ ይወጣል። መምህሩ ይህን አይቶ ሥራው ተበላሸ አይበል፤ ተርቡ በትሏ ላይ እንቁላሉን ጥሎ ልጁን በእርስዋ ያሳደገ ነው። እርሱም ከቅጠሉ ጋር ይያዝና ይመዝገብ፤ ፈልፋዮች እንዳይበዙ ከሚከለክሉት ብርቱ ጠላቶች አንዱ ይህ ነው።

በመጨረሻ የስም ነገር አለ። በቀጋ ቅጠል ላይ መንገድ ያገኘ ሰው መጽሐፍ ገልጦ የአውሮፓዪቱን ስም ሊለጥፍባት አይገባውም። መንገዳቸው ተመሳስሎ እነርሱ የተለያዩ ይሆናሉ፤ ደቃቆቹን የእሳት ራቶች ሊቃውንት ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚለዩአቸው የመራቢያ ብልታቸውን በማይክሮስኮፕ መርምረው ነው። ስለዚህ በመዝገቡ «ቀጋ ፈልፋይ፥ ጠመዝማዛ መንገድ፥ ቍጥር 1» ተብሎ ይጻፍ፤ ሌላ ቅርጽ ሲገኝ «ቍጥር 2» ይባል። ቅጠሉ፥ ድሩና ክንፍ ያወጣችው የእሳት ራት በአንድ ቍጥር ታስረው በትንሽ ካርቶን ውስጥ ከጥጥ ጋር ይቀመጡ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቤተ መዘክርና የዕፀዋት ቤተ መዛግብት ስላለው፥ ደብረ ታቦርም ዛሬ የራስዋ ዩኒቨርሲቲ ስላላት፥ መምህሩ ወደ አንዱ ሊልከው ይችላል። ከመላኩ በፊት የመዝገቡ ጽሑፍ በሁለት ግልባጭ ይዘጋጅ፤ አንዱ ከካርቶኑ ጋር ይሂድ፥ አንዱ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቅር።